የመተማ ዝናብና የሰሜን ዋልታ በረዶ

መተማ ዮሐንስና በዙሪያው ያለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስበት፣ ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ ክረምትን የሚጠብቅበት አገር በመሆኑ፣ ከአርክቲክ በረዶ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ በግሪንላንድ በረዶ፣ በጣና ሐይቅ ደለልና በሽንፋ ወንዝ ዳርቻ አፈር ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ የሰሊጥና የማሽላ ገበሬው ዓይኑን ጥሎ የሚጠብቀው ዝናብ ከሩቁ በረዶ ጋር የተሳሰረ ረጅም ታሪክ እንዳለው ያሳያሉ።

የበረዶ ግግር የሚባለው፣ እንደ ጥጥ ባዘቶ ለስልሶ የሚወርደው በረዶ ሳይቀልጥ ከዓመት ዓመት እየተደራረበ፣ የላይኛው የታችኛውን እየተጫነ ወደ ጠጣርነት የተለወጠና በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል የሚንሸራተት አካል ነው፤ ሰፊ ምድርን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነው ግግር ደግሞ የበረዶ ንጣፍ ይባላል። ዛሬ የበረዶ ንጣፍ ያለው በአንታርክቲካና በግሪንላንድ ብቻ ሲሆን፣ የግሪንላንዱ 1.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን የኢትዮጵያን የቆዳ ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል፤ ውፍረቱም በመካከሉ ከ3 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ይህ ንጣፍ የየዓመቱን የአየር ሁኔታ ይዞ የተቀመጠ መዝገብ ነው። ተመራማሪዎች በረዶውን በመሰርሰሪያ ወግተው ረጅም ዘንግ ያወጣሉ፤ የአንዱ ዓመት በረዶ ከሌላው በአቧራውና በአሲድነቱ መጠን ስለሚለይም፣ በዛፍ ግንድ ውስጥ ያሉ ቀለበቶች እንደሚቆጠሩ ሁሉ ድርብርቡን እየቆጠሩ ወደ ጥንቱ ዘመን ይዘልቃሉ። በዘንጉ ውስጥ የታሸጉት ጥቃቅን አረፋዎች የዚያን ዘመን አየር ሳይለቁ ያቆዩ ሲሆን፣ ሙቀቱን የሚያመለክተው ደግሞ በበረዶው ውስጥ ያለው የከባድና የቀላል ኦክስጅን ምጣኔ ነው። ከባዱን ኦክስጅን የያዘው ውሃ ደመናው ወደ ዋልታው ሳይደርስ በመንገድ ላይ ቀድሞ ስለሚወርድ፣ በቀዝቃዛ ዘመን የተጠራቀመ በረዶ ከባድ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ይህን ዘዴ በግሪንላንድ በረዶ ላይ በሥራ በማዋል ስማቸው የሚጠራው ዴንማርካዊው ሳይንቲስት ቪሊ ዳንስጎር ናቸው። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ2003 በሰሜን ግሪንላንድ ከመሠረት ዓለቱ የደረሰው ቁፋሮ 3,085 ሜትር የሄደ ሲሆን፣ ከግርጌ የወጣው በረዶ ዕድሜ 123,000 ዓመት ገደማ ነው።

በዚህ መዝገብ ውስጥ የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በተደራረበው በረዶ ላይ የሰልፈር አሲድ አሻራ ይታያል፤ በአንታርክቲካም ተመሳሳዩ ስለተገኘ፣ አጥኚዎች በኢንዶኔዥያ የሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ ጋር ያያይዙታል። የዚያው ፍንዳታ ምልክት በመተማ ምድርም ተገኝቷል። ድንበር ሲሻገር ራሃድ እየተባለ ዓባይን በሚቀላቀለው የሽንፋ ወንዝ ዳርቻ፣ «ሽንፋ-መተማ 1» የሚል ስያሜ በተሰጠው የጥንት ሰዎች ሰፈር፣ ከሰው ጠጉር የቀጠኑ የቶባ ብርጭቆ ስባሪዎች ከአፈሩ ተለይተው ወጥተዋል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የሚመራውና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አውጥቶታል።

ሰፈሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን፣ የአራዊትና የዓሣ አጥንቶችን እንዲሁም የሰጎን እንቁላል ቅርፊቶችን ይዟል። በሰጎን እንቁላል ቅርፊትና በእንስሳት ጥርስ ላይ የተለካው ኦክስጅን፣ ዳንስጎር በረዶውን ባነበቡበት ዓይነት ስሌት ሲተነተን፣ ዘመኑ በጋው የረዘመና የበረታ እንደነበረ ይመሰክራል። የዓሣው አጥንት መብዛት ደግሞ ሰዎቹ ኑሯቸውን ከዚህ ጋር እንዴት እንዳስማሙ ያስረዳል፤ ወንዙ ሲቆራረጥ ዓሣው እየጠበበና እየጎደለ በሚሄድ ኩሬ ውስጥ ስለሚታጎር በቀላሉ ይያዛል፤ አንዱ ኩሬ ሲነጥፍ ሰዎቹ የወንዙን መስመር ይዘው ወደ ሌላው ያልፋሉ። አጥኚዎቹ እንዲህ ያለው አኗኗር ሰዎችን እየመራ ከአፍሪካ ሊያወጣቸው ይችል እንደነበር ያምናሉ፤ ከተገኙት ትናንሽ ሦስት ማዕዘን ስለቶች በመነሣትም ቀስትና ደጋን ይጠቀሙ እንደነበር ይገምታሉ።

በዋልታው በረዶና በኢትዮጵያ ዝናብ መካከል ያለው ትስስር ከሁሉም ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ግን በጣና ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙ የማያልፈው ጣና፣ የታችኛው ደለሉ ሲመረመር በአንድ ወቅት ፈጽሞ ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ከሐይቁ ጥልቅ ቦታ የወጣው የደለል ናሙና ግርጌው ደርቆ የጠጠረ ጭቃ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የረግረግ ዕፀዋት ብስባሽና ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚኖሩ ዳያቶም የተባሉ ረቂቅ አልጌዎች ቅሪት ተደርቧል። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ የሐይቁ መካከል ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር፤ ውሃው ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው የዛሬ 14,750 ዓመት ገደማ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ካደረጉት ተመራማሪዎች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ነበሩ።

የጣና መድረቅ የገጠመው በሰሜን አሜሪካ ከነበረው ግዙፍ የበረዶ ንጣፍ ስፍር ቁጥር የሌለው የበረዶ ተራራ እየተገመሰ ወደ ሰሜን አትላንቲክ በጎረፈበት ዘመን ነው። ጨው አልባው የበረዶ ውሃ ከጨዋማው ውሃ ስለሚቀል ከውቅያኖሱ ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚህም ምክንያት ከወገብ አካባቢ ሙቀት እያመጣ በሰሜን የሚቀዘቅዘውና ወደ ታች የሚሰምጠው የውሃ ዝውውር ይዳከማል። ሰሜኑ ሲበርድም፣ በየክረምቱ ወደ ሰሜን የሚወጣው የዝናብ ቀበቶ ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዚያ ዘመን ከአፍሪካ እስከ እስያ የተዘረጋ ብርቱ ድርቅ እንደነበረ አሳይቷል። በቀበቶው ሰሜናዊ ጫፍ አቅራቢያ የሚገኘው የምዕራብ ጎንደር ቆላ እንዲህ ያለ ማፈግፈግ ቶሎ ከሚጎዳቸው አገሮች መካከል ነው።

ኢትዮጵያ ራሷም በረዶ ነበራት። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ግግሩ እየገፋ ያከማቸው፣ ሞሬን የተባለ የድንጋይና የአፈር ክምር ዛሬም ይታያል፤ የሰሜንን ተራሮች የጥንት ብርድ ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ በሰፊው አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ የባሌና የአርሲ ግግሮች ይበልጥ የተስፋፉት ከ40,000 እስከ 30,000 ዓመታት በፊት፣ ማለትም የዓለም የበረዶ ንጣፎች ከፍተኛ መጠናቸው ላይ ከመድረሳቸው አስቀድሞ መሆኑን አመልክቷል፤ ስለዚህ የአገሪቱ ተራሮች ታሪክ ከዋልታው መዝገብ ብቻ የሚገመት ሳይሆን በቦታው ሊጠና የሚገባው ነው።

ዛሬ የሚቀልጠው በረዶ በሳተላይት ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠቁትና እስከ 2017 የሠሩት ግሬስ የተባሉ መንትያ ሳተላይቶች ተከታትለው ሲበሩ፣ ከታች ያለው ምድር ክብደት በስበት ኃይሉ የፊተኛውን ቀድሞ ስለሚስበው በመካከላቸው ያለው ርቀት በጥቂቱ ይለዋወጥ ነበር፤ ከዚህ ልዩነት የግሪንላንድ ንጣፍ በየዓመቱ በአማካይ ወደ 270 ቢሊዮን ቶን በረዶ እንደሚያጣ ተሰልቷል። ንጣፉ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር ከ7 ሜትር በላይ ከፍ ያደርገዋል። በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ የአትላንቲክ ዝውውር በዚህ ምዕተ ዓመት የመዳከም ዕድሉ በጣም ከፍተኛ እንደሆነ፣ እስከ 2100 በድንገት ይቋረጣል ብሎ ግን እንደማይጠብቅ፣ ቢቋረጥ የአፍሪካ ክረምት ዝናብ እንደሚዳከም ገልጿል። ይህ ማለት የጣና ዕጣ ነገ ይደገማል ማለት አይደለም፤ የክረምቱ ዝናብ በሩቅ ባሕርና በረዶ ላይም የተመሠረተ መሆኑን ማወቅ ግን የግድ ነው።

የሽንፋ ጥንታውያን ሰዎች ኩሬው ሲነጥፍ ተነሥተው ወደ ሌላ ኩሬ ይሄዱ ነበር፤ የዛሬው የመተማ ገበሬ ግን ማሳው፣ ብድሩና ቤተሰቡ በአንድ ቦታ ስለሆኑ ዝናብ ሲዘገይ ተነሥቶ መሄድ አይችልም። ሰው መንቀሳቀስ ባልቻለበት ዘመን ወደ ሰው መምጣት ያለበት ዕውቀቱ ነው። የግሪንላንድን በረዶ የሚመረምሩ ብዙ አገሮች ናቸው፤ የጣናን ጭቃ፣ የሰሜንን ሞሬንና የሽንፋን አፈር ከመታረስና ከመሸርሸር ጠብቆ፣ በውስጣቸው የተጻፈውን አንብቦ፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት ለገበሬው በሚደርስ ትንበያ መተርጎም ግን ከማንም በፊት የኢትዮጵያ ምሁራንና ተቋማት ድርሻ ነው።