ፎርክ የማይገለብጠው

ለብቻው ሲሮጥ ያልፋል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲሮጥ ግን አንዳንዴ ይንጠለጠላል። ስህተት አያሳይም፣ ፕሮሰሰሩንም አያጨናንቅም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ፕሮግራመርን እንዲህ ካለ ቴስት በላይ የሚያማርር ነገር ጥቂት ነው። ኮዱ ውስጥ ፎርክ እና ኢቨንት ሉፕ አብረው ካሉ ምርመራውን ከእነሱ መጀመር ያዋጣል። ሁለቱም በየፊናቸው ለአሥርት ዓመታት የተፈተኑ መሣሪያዎች ናቸው፤ ጣጣው የሚመጣው ሲገናኙ ነው።

ፎርክ በዩኒክስና በዘሮቹ ዘንድ አዲስ ፕሮሰስ የሚወለድበት የቆየ መንገድ ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፎርክን ሲጠራ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ግልባጩን ያወጣለታል። ከዚያ ወዲያ ወላጅና ልጅ ያንኑ ኮድ ከዚያው መስመር ይቀጥላሉ። ማን ማን እንደሆነ የሚለዩት ፎርክ በሚመልሰው ቁጥር ነው፤ ልጁ 0 ያገኛል፣ ወላጁ ደግሞ የልጁን መለያ ቁጥር። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዴኒስ ሪቺ የዩኒክስን አስተዳደግ በተረከበት ጽሑፉ፣ በፒዲፒ-7 ኮምፒውተር ላይ ለፎርክ 27 የአሴምብሊ መስመሮች እንደበቁ አስፍሯል። በዚያ ዘመን አንድ ፕሮሰስ ትሬድም (በውስጡ ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) ሆነ የኔትወርክ ሶኬት አልነበረውም፤ ሲገለበጥም ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም።

የዛሬው ሊኑክስ ሜሞሪውን እንኳ ወዲያው አይገለብጥም። ወላጅና ልጅ በአንድ የሜሞሪ ገጽ ላይ እያነበቡ ይቆዩና አንዳቸው ሊጽፍበት ሲል ያ ገጽ ብቻ ይገለበጣል። ስለዚህ ፎርክ ርካሽ ነው። ቴስት ጸሐፊዎችም ይወዱታል፤ አደገኛውን ሙከራ በልጁ ውስጥ ያስኬዱታል፣ ልጁ ቢወድቅ ወላጁ ይተርፋል ብለው።

ኢቨንት ሉፕ ደግሞ አንድ ትሬድ ብቻውን ሺህ ግንኙነቶችን የሚያስተናግድበት ዘዴ ነው። በየሶኬቱ እየዞረ አይጠይቅም። የሚጠብቃቸውን ሶኬቶች ከርነሉ ዘንድ ያስመዘግብና ይተኛል፤ አንዱ ጋ ነገር ሲመጣ ከርነሉ ይቀሰቅሰዋል። ይህን መዝገብ በሊኑክስ ላይ የሚይዘው ኤፖል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ከርነሉ የገባ ነው። መዝገቡ ያለው ከርነሉ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ የያዘው ፋይል ዲስክሪፕተር የሚባል ቁጥር ብቻ ነው።

መጋጨቱ እዚህ ላይ ነው። ፎርክ ሜሞሪውንና ቁጥሮቹን ይገለብጣል፤ ቁጥሮቹ የሚያመለክቱትን የከርነል ዕቃ ግን አይገለብጥም። የፖስታ ሣጥን ቁልፍ አስቀርጾ ለልጅ እንደ መስጠት ነው፤ ቁልፉ ሁለት ይሆናል፣ ፖስታ ቤት ያለው ሣጥን ግን ያው አንድ ነው።

ጉዳቱን አሲንክአይኦ በተባለው የፓይተን ኢቨንት ሉፕ ማየት ይቻላል። ሉፑ ራሱን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስበት የውስጥ ሶኬት አለው። በሁለት ቴስቶች መካከል ሉፑ ቆሞ ሳለ ልጅ ተወለደ እንበል። ልጁ ጨዋ ልሁን ብሎ የወረሰውን ሉፕ ሲዘጋ ያንን ሶኬት ከመዝገቡ ይሰርዛል። መዝገቡ የጋራ ስለሆነ ስረዛው ለወላጁም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሌላ ትሬድ ለወላጁ ሉፕ ሥራ ቢልክ የሚቀሰቅሰው የለም። ጥፋቱን የሠራው ቴስት አልፎ ሄዷል፤ የሚንጠለጠለው ከእሱ በኋላ የመጣው ነው።

ተቃራኒውም ያደናግራል። ወላጁ አንድ ሶኬት ዘግቻለሁ ቢልም ልጁ ቅጂውን እስከያዘ ድረስ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ከወዲያ ማዶ መዘጋቱን የሚጠብቀው ወገን ይጠብቃል። በፍሪቢኤስዲና በማክ ያለው ኬኪው የተባለው የኤፖል አቻ ደግሞ ጭራሹን ለልጅ አይወረስም። በማክ ላፕቶፕ ላይ የታየ ጠባይ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የማይደገመው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ትሬዶች ሲጨመሩ ነገሩ ይብሳል። ወደ ልጁ የሚሻገረው ፎርክን የጠራው ትሬድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ሌላ ትሬድ ሎክ ይዞ ከነበረ፣ ልጁ ዘንድ ሎኩ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ የሚከፍተው ትሬድ ግን አልተወለደም። ኢቨንት ሉፖች የኢንተርኔት አድራሻ ለመፈለግና ለመሰል ሥራ ከጀርባ ትሬዶችን ስለሚያሠሩ ይህ ብርቅ አጋጣሚ አይደለም። ቴስቱ አንዳንዴ ብቻ የሚንጠለጠለውም ቅጽበቷ እንደ ዕድል ስለምትገጥም ነው።

መፍትሔው ከቅደም ተከተል ይጀምራል፤ መጀመሪያ ፎርክ፣ ከዚያ ሉፕና ትሬድ። ይህ ካልተቻለ ልጁ የወረሰውን ሉፕ አያሩጠው፣ አይዝጋውም፤ ትቶት የራሱን አዲስ ይፍጠር። ኖድ ጄኤስ የተመሠረተበት ሊብዩቪ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ተግባር አለው፤ ልጁ ውስጥ ሲጠራ ሉፑን ከርነሉ ዘንድ በአዲስ መዝገብ ያቋቁመዋል።

ቴስት የራሱ ተጨማሪ ወጥመድ አለው። ልጁ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ቴስት አስኪያጁ ፕሮግራም መመለስ የለበትም። ከተመለሰ የቀሩትን ቴስቶች እሱም ያስኬዳል፤ ውጤቱም ሁለት ጊዜ ይታተማል። በፓይተን ተራው የመውጫ ትእዛዝ ኤክሴፕሽን ስለሚያስነሳ አስኪያጁ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ልጁ የሚወጣው ምንም ሳያጸዳ ወዲያው በሚያቋርጠው፣ ስሙ በግርጌ ሰረዝ በሚጀምረው ኤግዚት ነው፤ ስህተት ቢነሳም ባይነሳም። ልጁ ውስጥ የከሸፈ ማረጋገጫ በራሱ ወላጁ ዘንድ አይደርስም፤ በመውጫ ኮድ ወይም በፓይፕ መላክ አለበት። ወላጁም ልጁን በጊዜ ገደብ ይጠብቅ፤ ገደቡ ካለፈ ይግደለውና የመውጫ ኮዱን ይቀበል፤ አለዚያ ልጁ ዞምቢ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የማይክሮሶፍት ሪሰርች፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲና የዙሪኩ ኢቲኤች ተመራማሪዎች ፎርክ ዘመኑ አልፎበታልና በሌላ ይተካ ብለው ጽፈው ነበር። ፓይተን በዚያው ዓመት በማክ ላይ መልቲፕሮሰሲንግ የተባለውን ክፍል ከፎርክ አላቀቀ። በ2023 ትሬድ ባለው ፕሮሰስ ውስጥ ፎርክ ሲጠራ ማስጠንቀቅ ጀመረ፤ በ2025 በወጣው 3.14 ደግሞ ሊኑክስም ላይ ነባሪውን ወደ ፎርክሰርቨር ለወጠ። ፎርክሰርቨር ሉፕም ትሬድም ያልነካው ንጹህ ፕሮሰስ ሲሆን ልጆቹ ሁሉ ከእሱ ይወለዳሉ። የቅደም ተከተሉ ሕግ ከፕሮግራመሩ ጥንቃቄ ወጥቶ የቋንቋው ልማድ ሆነ ማለት ነው።

ፎርክን በቀጥታ የሚጠራ ኮድ ግን ገና ብዙ አለ፤ የፓይተንን ማስጠንቀቂያ የሚያይ ሁሉ ዝም ከማሰኘቱ በፊት አንድ ቴስት ይጨምር፦ ልጁ ተወልዶ ከሞተ በኋላ የወላጁ ሉፕ ከሌላ ትሬድ የተላከለትን ሥራ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም?