የንግድ ሰነድን ዐይነታቸው በተለያየ ኮምፒዩተሮች መካከል ስለ ማስተላለፍ

የንግድ ሥራ ከሰነድ ጋራ የተሳሰረ መሆኑ ለአንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም። ዕቃው ወደብ ደርሶ ሳለ ሰነዱ ካልተሟላ እንዳልደረሰ ይቈጠራል፤ የመጋዘኑ ኪራይ ግን መቈጠሩን አያቋርጥም። ዛሬ ፕሮፎርማ ኢንቮይሱም፤ የዕቃው ዝርዝርም፤ የዋጋው ሠንጠረዥም የሚዘጋጀው በኮምፒዩተር ስለ ሆነ፤ ሰነዱ በፍላሽ ተይዞ ከነጋዴው ቢሮ ወደ ጉምሩክ አስተላላፊው፤ ወደ ሒሳብ አዋቂው፤ ወይም ወደ ማተሚያ ቤት ይዘዋወራል። በዚህም መካከል አንዱ ኮምፒዩተር የጻፈውን ሌላው አላነብም የሚልበት ጊዜ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን መግለጽና ነጋዴው ሰነዱን እንዳያጠፋ ሊያደርግ የሚገባውን ማስረዳት ነው።

ፍላሽም ሆነ ሀርድ ዲስክ በመጋዘን ሊመሰል ይችላል። በመጋዘን ውስጥ ዕቃው ብቻ ሳይሆን የትኛው ዕቃ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያመለክት መዝገብም አለ። መዝገቡ ከሌለ፤ ወይም የተጻፈበትን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፤ ዕቃው በስፍራው እያለ ማግኘት አይቻልም። በዲስክ ውስጥ ያለው እንዲህ ያለው የመዝገብ አያያዝ የፋይል ሥርዐት ይባላል። ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ደግሞ እንደ መጋዘን ጠባቂው ነው፤ ጠባቂው ሊያነብ የሚችለው የተማረውን የመዝገብ አያያዝ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጠባቂዎቹ የተማሩት የተለያየ በመሆኑ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር ብንጠቅስ፤ ማይክሮሶፍት ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተባለውን ሥርዐት በ1993 አወጣ፤ የዛሬዎቹ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችም የራሳቸውን ዲስክ በዚሁ ይይዛሉ። የአፕል ኩባንያ በ2017 ለማክ ኮምፒዩተሮቹ ኤ ፒ ኤፍ ኤስ የተባለውን አስገባ። በሊኑክስ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በ2008 የተጠናቀቀውን ኤክስት 4ን ይጠቀማሉ። ማክ በኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተያዘ ፍላሽ ሲሰጠው ያነባል እንጂ፤ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይጽፍበትም። ዊንዶውስ በበኩሉ በኤ ፒ ኤፍ ኤስ የተያዘውን እንዳለ ከቶ አያነብም።

እጅግ መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ሊያነበው ያልቻለውን ፍላሽ ሲያገኝ፤ በዲስኩ ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይደረግን? ብሎ ይጠይቃል። አያሌ ሰዎች ፍላሹ የተበላሸ መስሏቸው እሺ ይላሉ። ነገር ግን ፍላሹ ደኅና ነው፤ ሰነዱም በውስጡ አለ። ፎርማት ማድረግ ማለት የነበረውን መዝገብ ሰርዞ በምትኩ ባዶ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ መልሱ ምን ጊዜም እምቢ መሆን አለበት፤ ፍላሹም ወደ ተጻፈበት ኮምፒዩተር መመለስ ይገባዋል። ስሕተቱ አስቀድሞ ተፈጽሞ እንደ ሆነ፤ በፍላሹ ላይ አንዳችም ነገር ሳይጻፍ ለባለ ሙያ ቢሰጥ ሰነዱን ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ በፈጣኑ አሠራር የተሰረዘው መዝገቡ እንጂ ዕቃው አይደለምና።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ፍላሹን ሁሉም ጠባቂዎች በሚያውቁት ሥርዐት መያዝ ነው። በ1996 የወጣው ፋት 32 በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሆኖም አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት ከበለጠ አይቀበለውም። ይህ ለደብዳቤና ለኢንቮይስ በቂ ሲሆን፤ ለረዥም የቪዲዮ ፊልም ወይም ለትልቅ የሒሳብ መጠባበቂያ ቅጂ አይበቃም። በ2006 የወጣው ኤክስ ፋት ግን ይህ ገደብ የለበትም። ዊንዶውስና ማክ ያነቡታል፤ ይጽፉበታልም፤ ማይክሮሶፍት የአሠራሩን ዝርዝር በ2019 ለሕዝብ ስለ ገለጸም አዲሶቹ ሊኑክሶች እንዲሁ ያደርጋሉ። እንግዲህ ነጋዴው ለመላላኪያ አንድ ፍላሽ ለይቶ፤ በውስጡ ያለውን አስቀድሞ ወደ ሌላ ስፍራ ገልብጦ፤ በኤክስ ፋት ፎርማት ቢያስደርገው ይበጀዋል።

ይሁን እንጂ ኤክስ ፋትና ፋት 32 የጀመሩትን ጽሕፈት በየጊዜው የሚያስታውሱበት የጥንቃቄ ማስታወሻ የላቸውም። ጽሕፈቱ ሳያልቅ ፍላሹ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ፍላሹን ከመንቀል በፊት ማስወጫውን ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል፤ ብቸኛውንም ቅጂ በፍላሽ ማስቀመጥ አይገባም።

በአንድ ቢሮ ውስጥ ላሉ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ከፍላሽ የተሻለ መንገድ አለ፤ ይኸውም በኔትወርክ ማገናኘት ነው። በዚህ ጊዜ ጠያቂው ኮምፒዩተር ወደ ሌላው መጋዘን አይገባም፤ ሰነዱን በመስኮት ይጠይቃል፤ የቤቱ ጠባቂም ከራሱ መዝገብ ፈልጎ ያቀብለዋል። ስለሆነም የፋይል ሥርዐቱ ልዩነት እንቅፋት አይሆንም። የመስኮቱ የጋራ ቋንቋ ኤስ ኤም ቢ ይባላል። ዊንዶውስና ማክ ያውቁታል፤ ሊኑክስም አንድሩ ትሪጅል የተባለው አውስትራሊያዊ በ1992 ባወጣው ሳምባ በተሰኘ ፕሮግራም ይሠራበታል። የመጀመሪያው የኤስ ኤም ቢ ዐይነት ግን መዘጋት አለበት፤ በግንቦት ወር 2017 በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቈልፎ ገንዘብ የጠየቀው ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የተዛመተው በዚሁ በኩል ነበርና።

የፋይሉ ስምም ቸል ሊባል አይገባውም። በደብዳቤ ቍጥር ላይ የለመድነውን አግድም ሰረዝ፤ ለምሳሌ 45/17 የሚለውን፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ በማክ ግን መጻፍ ስለሚቻል ወደ ዊንዶውስ ሲተላለፍ ችግር ያመጣል። በሰረዙ ፈንታ 45-17 ብሎ መጻፍ ይሻላል። የአማርኛ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይነበባል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ግን ያው ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ሰነድ ከመላኩ በፊት ፊደሉ አብሮት እንዲሄድ ተደርጎ ወደ ፒ ዲ ኤፍ ቢለወጥ መልኩን እንደ ጠበቀ ይደርሳል።

ከዚህም ሁሉ በኋላ፤ ሰነዱ በሚያስፈልግበት ዕለት ማለዳ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ፤ ተቀባዩ የሚሠራው በምን ዐይነት ኮምፒዩተር እንደ ሆነ መጠየቅና አንድ ፋይል ልኮ መከፈቱን ማረጋገጥ ይበጃል። ድካሙ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰነድ ጠፍቶ ዕቃ በመጋዘን የሚቈይበት ቀን ግን ኪራይ ይቈጠርበታል።