ኢጂአር፦ ሞተር የራሱን ጭስ ለምን ይስባል?

የመኪና ሞተር ከሚያወጣው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ይስባል። መንገዱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ኢጂአር የሚባለው ቫልቭ ነው። የአሜሪካ አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይገጥሙታል፤ ዛሬ በቤንዚንም በናፍታም መኪኖች ላይ አለ።

«ያልተቃጠለው ነዳጅ ተመልሶ እንዲቃጠል ነው» የሚል መካኒክ ሳይቀር አጋጥሞኛል። ስሕተት ነው። ጭሱ የሚፈለገው የሚቃጠል ነገር ስላልቀረበት ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ይኸውም በደህናው ቀን ማንንም አይነካም። ሲሊንደር ውስጥ ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ከኦክስጅን ጋር ይጣመርና ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይሆናል። ጭሱ ሲገባ ቦታ ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ያሳሳል፣ ሙቀቱን ይጠጣል። እናቶቻችን ማታ ረመጡን በአመድ ሲያዳፍኑ ያዩ ሰዎች ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል፤ እሳቱን የሚገራው ከራሱ ከእሳቱ የወጣው አመድ ነው።

ቫልቩ ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ይጠፋል። ተዘግቶ ከቀረ ዳገት ላይ ሞተሩ ያንኳኳል። ይኼን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀውና ገንዘብ የሚያስበላው ሌላ ነው።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን እዚሁ እስራኤል፣ በሠፈራችን በሽኩና ጊሜል፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ከሕንጻችን ሥር መኪናቸውን አቁመው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሙሳክ (ጋራዥ) ወስጄ ቫልቩን አስቀየርኩት፤ ሳምንት ሳይሞላ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ተመልሶ በራ» አሉኝ። የኮድ ማንበቢያውን ስሰካው ያወጣው ኮድ ፒ0401 ነበር። ትርጉሙ «የሚፈሰው ጭስ አነሰ» ማለት ነው። ልብ በሉ፣ «ቫልቩ ተበላሸ» አይልም።

የመኪናው ኮምፒውተር ቫልቩን በዓይኑ አያየውም። በብዙ መኪኖች የሚያደርገው እንዲህ ነው፦ ቫልቩ እንዲከፈት ያዛል፣ ከዚያ በአየር መግቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ይለወጥ እንደሆነ ይጠብቃል። ለውጥ ካላየ መብራቱን ያበራል። ስለዚህ ኮዱ ክስ እንጂ ፍርድ አይደለም። ጥፋተኛው የተሰነጠቀ የቫክዩም ጎማ፣ ቫክዩሙን የሚለቀው ሶሌኖይድ፣ የደከመ ሴንሰር፣ ወይም በካርቦን የተደፈነ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። መተላለፊያው ከተደፈነ አሥር አዲስ ቫልቭ ቢገጠም ጭሱ አያልፍም።

በቫክዩም በሚሠራው ቀላል ዓይነት ላይ ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ የቫክዩም ጎማውን ከቫልቩ ነቅሎ በእጅ ቫክዩም ፓምፕ መሳብ ነው። ሞተሩ ከተንገዳገደ ወይም ከጠፋ ቫልቩም መንገዱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ከጎማው ወይም ከኤሌክትሪኩ ወገን ነው። ፓምፑ ቫክዩም ካልያዘ የቫልቩ ላስቲክ ተቀዷል። ቫክዩም ይዞ፣ ዘንጉም ሲነሣ እየታየ ሞተሩ ምንም ካልመሰለው ግን መንገዱ ተደፍኗል። ኤሌክትሪክ በሚያንቀሳቅሰው ዓይነት ላይ ደግሞ መክፈቱንና መዝጋቱን በማንበቢያው ማዘዝ ይቻላል።

የጎረቤቴ መኪና መንገዱ የተደፈነበት ዓይነት ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ቫልቩን ስንፈታ አዲሱ ቫልቭ ያበራል፤ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ ግን እርሳስ አያሳልፍም፣ እንደ ምጣድ ሥር ጥላሸት ጠቁሮ ጠጥሯል። በካቻቢቴና በካርበሬተር ማጽጃ ጠርገን፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይረን መለስነው። መብራቱ እስከ ዛሬ አልበራም። መኪናዋ የምትሄደው ከሠፈር እስከ ሶሮካ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ገበያ ብቻ ነው። እንዲህ በአጭር በአጭሩ የሚነዳ ሞተር በወጉ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ጥላሸቱ ከዘይት ተን ጋር ተለውሶ ይጋገራል።

የማዝነው የጭሱን መንገድ በላሜራ በሚደፍኑት ነው። አዲስ አበባም እዚህም «ሞተሩ ይተነፍሳል» እያሉ ያደርጉታል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የተያዘው ሳንባ በሚጎዳው በዚሁ ጋዝ ነው፤ ናፍታ መኪኖቹ የጭስ መቆጣጠሪያቸውን በሙሉ የሚያሠሩት ፍተሻ ላይ ብቻ ነበር፣ መንገድ ላይ ሲወጡ ግን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይለቁ ነበር። ላሜራ የሚያስገባ ሰውም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ጭሱን የሚስቡት በመኪናው አጠገብ ኳስ የሚጫወቱት ልጆቻችን ናቸው።

ለቫልቭ ከመክፈላችሁ በፊት መካኒኩን «መተላለፊያውን ከፍተህ አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላየው አስከፍታችሁ አብራችሁ እዩት።