ሁለት መቶ ጊዜ ከመመላለስ አንድ ጊዜ መጠየቅ

ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ዝርዝር የሚያሳይ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። በቤቴ በ10 መጻሕፍት ስሞክረው ፈጣን ነበር። 200 መጻሕፍት አስገብቼ፣ ዳታቤዙንም ከሩቅ ኮምፒዩተር ላይ አኑሬ በመምህራችንና በጓደኞቼ ፊት ስከፍተው ግን እየተጎተተ ዘገየ፤ እኔም አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ጥፋቱ የራሴ መሆኑን በኋላ ስለ ተረዳሁ ምክንያቱን ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

የሠራሁበት መሣሪያ ጃንጎ ይባላል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የቀረበ፣ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። በጃንጎ ዘንድ እያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት ሞዴል ይባላል። የእኔ ሞዴሎች «መጽሐፍ» እና «ደራሲ» ነበሩ። የደራሲው ስም በየመጽሐፉ እንዳይደጋገም፣ በመጽሐፉ መዝገብ የሚጻፈው የደራሲው መለያ ቁጥር ብቻ ነው።

ጃንጎ ካልታዘዘ በቀር ደራሲውን አስቀድሞ አያመጣም። መጻሕፍቱን በ1 ጥያቄ ያመጣና፣ የየመጽሐፉ ደራሲ ስም በተፈለገ ቁጥር እንደገና ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል። ስለዚህ ለ200 መጻሕፍት 201 ጥያቄ ይሆናል። ይህም ለሽንኩርት ሱቅ ደርሶ ሲመለስ ለጨው፣ ከጨው ሲመለስ ለበርበሬ የሚላክ ልጅን ይመስላል፤ የሚያደክመው ዕቃው ሳይሆን መንገዱ ነው።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። «ሰሌክት ሪሌትድ» የሚባለው ትእዛዝ ሁለቱን ሰንጠረዦች አጣምሮ መጽሐፉንና ደራሲውን በ1 ጥያቄ ያመጣል። ይህ የሚያገለግለው ለአንድ መጽሐፍ አንድ ደራሲ ሲመዘገብ ነው። መጽሐፉ ብዙ የትምህርት ዘርፎች ያሉት እንደ ሆነ «ፕሪፌች ሪሌትድ» ያስፈልጋል፤ እርሱም መጻሕፍቱን በ1 ጥያቄ፣ ዘርፎቻቸውን ሁሉ በሌላ 1 ጥያቄ አምጥቶ ራሱ ያዛምዳቸዋል።

ሆኖም ገጹ የመጽሐፉን ርእስ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ደራሲውን አስቀድሞ መጫን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

የሙከራው ሁኔታ ሲበራ ጃንጎ የላካቸውን ጥያቄዎች ይመዘግባል። መዝገቡን ከፍቼ 201 ጥያቄ ብቆጥር ደነገጥሁ፤ አንዲት መስመር ባርም 1 ሆነ። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ሥራችሁን በጥቂት ምሳሌ ፈትናችሁ ተፈጸመ አትበሉ። በሙሉ ሸክሙ መዝኑት፤ ያን ጊዜ በሰው ፊት አታፍሩም።