ሴባስቶፖል

ቮልሴን «ሴባስቶፖል» ያሏት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። አጼ ቴዎድሮስ ያን ግዙፍ መድፍ ያሠሩት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነውና ስም ለማውጣት ሩቅ አልሄዱም። ዳገት ስትይዝ ከማርሚታዋ የሚፈነዳው ድምፅ ውሻ ያስበረግግ ነበር። (ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችውም ቮልስ ናት፤ ያን ዕለት እንደ እኔዋ ብትተኩስ ኖሮ ማሰብ ነው።)

መጀመሪያ የከሰስነው ከፍታውን ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር የሚገባ መኪና ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 2,700 ይደርሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስንፈታቸው አራቱም ከሰል መስለዋል። ካርቡራተሩን አጠብን፣ ቤንዚኑን ቀነስን። ጥላሸቱ ሳሳ፤ ተኩሱ ግን እንዳለ ነው። ሞተሩም እሳት ሆኖ ይግላል።

ጋሼ መካኒኩን ያስጠረጠራቸው ግለቱ ነው። «ቤንዚን የበዛበት ሞተር እንዲህ አይግልም። እሳቱ እየዘገየባት ነው» አሉ። ዘግይቶ የተቀጣጠለ ቤንዚን ፒስተኑን በቅጡ ሳይገፋ ቫልቩ ይከፈትና ነበልባሉ ወደ ማርሚታ ይሻገራል። በሳሳ አየር ደግሞ ቤንዚን ቀስ ብሎ ስለሚነድ መዘግየቱ ደጋ ላይ ይብሳል።

ከቦቢናው አንዲት ትንሽ አምፖል አስረው ፑሌጃውን በእጅ ያዞሩ ጀመር። ፑንቲናው ተከፍቶ እሳቱን በሚያስነሳበት ቅጽበት አምፖሉ ይበራል፤ ለእኔዋ ባለ 1300 ሞተር ይህ መሆን ያለበት ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 7.5 ዲግሪ ሲቀረው ነው። እውነትም ዘግይቶ በራ። ዲስትሪቢውተሩን ትንሽ ዞር አድርገው አሰሩት፤ ወጣሁ፣ ዳገቱን እንደ ፈረስ ጋለበችው።

ሳምንት አልሞላም፣ ተኮሰች።

ዲስትሪቢውተሩ ላልቶ ዞሯል ብለን አጠበቅነው። ጋሼ በሰውነቱና በሞተሩ ላይ አንድ ወጥ የጠመኔ መስመር ሳቡ። እንደገና ስመለስ መስመሩ ንቅንቅ አላለም፤ አምፖሉ ግን ዘግይቶ ይበራል። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ዝምታውን የሰበረው ረዳቱ ነው። «ጋሼ፣ እሱ ካልዞረ ፑንቲናው ራሱ ዘግይቶ እየተከፈተ ቢሆንስ?»

ክዳኑን ነቀሉት። 0.4 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት ክፍተት ውስጥ የሲጋራ ወረቀት በጭንቅ ገባ። ፑንቲናው አዲስ ነው፤ ቸኩዬ በገዛ እጄ የገጠምኩት እኔ ነኝ። የሚሽከረከረው ዘንግ የሚገፋት እግሩ ከፕላስቲክ የተሠራች ናት፤ ዘንጉ ደረቅ ስለነበር እንደ ሞረድ በልቷት አጥራለች። እግሩ ባጠረች ቁጥር ክፍተቱ ይጠብባል፣ ፑንቲናው ይዘገያል፣ እሳቱም ይዘገያል። ክረምቱን ሙሉ ካርቡራተር ስናጥብ የከረምነው ለዚህ ነው።

«ግሪስ አልቀባህም?» አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም። አዲስ ፑንቲና ገጠሙ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ግሪስ በጣታቸው ዘንጉ ላይ ቀቡ፣ አምፖሏን መልሰው አሰሩ።

ወደ ክምር ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ስወጣ ልጆቹ በሩጫ ተከተሉኝ። ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ጣሉ።

«ባሩዷ አለቀ እንዴ?» አለ አንደኛው።