ፎቶግራፍን በራስ ድረ ገጽ ለመሸጥ፦ ከዝግጅት እስከ መጫን



የጥምቀት በዓል ፎቶግራፍ በድረ ገጽ ለሽያጭ ሲወጣ ሦስት ነገሮች አብረው አደባባይ ይወጣሉ፤ የባለሙያው ድካም፣ የተነሺው ሰው መልክና የገዢው እምነት። የዛሬው ንግግሬ ሦስቱም ሳይጎዱ ምስሉ ለገበያ የሚቀርብበትን መንገድ ያብራራል።

የሥራው መሠረት ዋናውን ፋይል ከማሳያ ቅጂው መለየት ነው። ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል የሆነ ምስል 24 ሚሊዮን ፒክስል ይይዛል። ለጥራት ኅትመት በተለመደው ልክ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲሰላ፣ 51 በ34 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይታተማል። ረጅሙ ጎኑ ወደ 1200 ፒክስል የተቀነሰው ቅጂ ግን በዚሁ ስሌት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በምስል ላይ የሚጻፍ የባለቤት ስም በሶፍትዌር ሊፋቅ ይችላል፤ ያልተጫነ ፒክስል ግን ሊሰረቅ አይችልም። ስለዚህ ለተመልካች ትንሹ ቅጂ ይበቃዋል። ዋናው ፋይል ማንም በሚከፍተው ማኅደር አይቀመጥም፤ ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ፣ የጊዜ ገደብ ባለው የማውረጃ አድራሻ ለገዢው ይላካል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቀለም ነው። አዶቤ አርጂቢ የተባለው ሰፊ የቀለም ክልል የቀለም መግለጫን በማያነብ መሣሪያ ላይ ደብዝዞ ይታያል። የማሳያ ቅጂው በኤስአርጂቢ፣ በጄፔግ ዓይነት ቢዘጋጅ የጥለቱ ቀይና አረንጓዴ በብዙዎች ስልክ ላይ ሳይደበዝዝ ይታያል።

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር መሰየም ይመረጣል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲመሰጠር ወደ ዘጠኝ ምልክቶች ይረዝማል። መግለጫ ጽሑፉ ግን በአማርኛ ይሁን፤ በአማርኛ የሚፈልግ አንባቢ ምስሉን የሚያገኘው በእርሱ ነውና። በፋይሉ ውስጥም የባለሙያው ስምና የመብት መግለጫ በሜታዳታ ይመዝገብ። አንዳንድ ሥርዓቶች ምስሉን ሲያሳንሱ ይህን መረጃ ስለሚያጠፉት፣ ከተጫነ በኋላ አውርዶ መፈተሽ ያስፈልጋል። በአንጻሩ፣ በሰው መኖሪያ ቤት የተነሣ ምስል የያዘው የቦታ መጠቆሚያ አስቀድሞ ይሰረዝ።

ከሁሉ የሚከብደው የፈቃድ ጉዳይ ነው። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተፈጸሙ ሥነ ሥርዓቶችና ሕዝብን ለሚመለከቱ ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ሆኖም ታቦት ያጀበውን ሕዝብ ማሳየትና የአንዲትን እናት ፊት ለንግድ ማስታወቂያ ማቅረብ አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው፣ አጠቃቀሙን በግልጽ የሚዘረዝር የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ሕግንም ኅሊናንም ያከብራል።

ባለሙያውም መብት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ የ25 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ይሰጣል። ቅጂ መሸጥ ይህን መብት ማስተላለፍ አይደለም። ስለሆነም ከዋጋው አጠገብ ገዢው ምስሉን ለምን፣ የትና እስከ መቼ እንደሚጠቀምበት ይጻፍ። ዋጋውም ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው፤ ለቤት ግድግዳ የሚሰቀል አንድ ኅትመትና ለሺህ ማሸጊያ የሚውል ምስል፣ ፋይላቸው አንድ ቢሆንም፣ የሚሸጠው መብት የተለያየ ነው።