«ሁሉም ተጭኖለታል» የተባለው ኮምፒዩተር ስንት ያወጣል?

በአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ሱቆች ገዢን ከሚማርኩ አባባሎች አንዱ «ሁሉም ተጭኖለታል» የሚለው ነው። ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕ፣ ፒችትሪ፣ ጸረ ቫይረስ፣ የአማርኛ መጻፊያ፣ የፊልም ማጫወቻ፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ክፍያው ግን ወይ የለም፣ ወይ ለጫኚው የምትሰጥ ጥቂት ብር ናት። ለመሆኑ ይህ ሁሉ በእርግጥ በነፃ የተገኘ ነው?

አይደለም። የአንድ ዕቃ ዋጋ በመግዣው ዕለት የሚከፈለው ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሲበላሽ የሚያስወጣውም ጭምር ነው። በዚህ ሒሳብ ሲታይ በነፃ የተጫነው ፕሮግራም ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ውዱ ሊሆን ይችላል።

ያለ ፈቃድ የተባዛ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው «ክራክ» በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ክራኩ እንዲሠራ ደግሞ ጸረ ቫይረሱ እንዲዘጋ፣ አንዳንዴም ከአምራቹ የሚመጣው ማሻሻያ እንዲቋረጥ ይደረጋል። ይህ ዘበኛውን አሰናብቶ የመጋዘኑን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው እንደ መስጠት ነው። የማሻሻያ ጥቅም ምን እንደሆነ በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ዓለም በግልጽ አይቷል። «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን በመያዝ ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻ 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። ከዚህም ሌላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ሥራ መሆኑን ነጋዴ ሊዘነጋው አይገባም።

በሌላ በኩል የገዢው ችግርም የሚናቅ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በዓመት 100 ዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም በባንክ ምንዛሪ 5,700 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ያው ፕሮግራም ከ12,000 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ሁሉንም ፕሮግራም ግዙ ማለት ምክር አይሆንም። መፍትሔው ጥቂቱን በሥራው ልክ መምረጥ፣ ነፃ የሆነውን በነፃ መውሰድ፣ ገንዘብን ደግሞ የግድ ለሚያስፈልገው ማዋል ነው።

ዊንዶውስ። ላፕቶፕ ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዊንዶውስ ከፋብሪካው አብሮት መጥቷል ወይስ ፍሪዶስ ነው?» የሚለው ነው። ፍሪዶስ የሚባለው በዋጋ ይረክሳል፤ ዊንዶውስ ግን የለውም። ፈቃዱ ከፋብሪካው የመጣ ከሆነ ክራክ አያስፈልግም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ አዲስ ገዢ 11ን የሚችል መሣሪያ መምረጥ ይኖርበታል።

የጽሕፈት ሥራ። ደብዳቤ፣ ደረሰኝና የዋጋ ማቅረቢያ ለሚያዘጋጅ ድርጅት ሊብሬኦፊስ ይበቃል። በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። ጉድለትም አለው፤ የተወሳሰበ የኤክሴል ሥራ አልፎ አልፎ ይዛባበታል፣ የገጽ አቀማመጥም ሊለዋወጥ ይችላል። በየዕለቱ ከሌሎች ጋር እንዲህ ያለ ፋይል የሚለዋወጥ ድርጅት ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ኦፊስ ገዝቶ ሌሎቹን በነፃው ሊያሠራ ይችላል።

አማርኛ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቆዩት የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለነበር ጽሑፉ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በ1999 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ይህ ችግር መፍትሔ አለው። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው፤ ኪይማን የተባለውም በነፃ ይገኛል። የሚመረጠው የትኛውም ቢሆን ዩኒኮድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ያለዚያ የዛሬ ውል ከአምስት ዓመት በኋላ አይነበብም።

የሒሳብ መዝገብ። ፒችትሪ በእኛ አገር ስሙ ቢቀርም፣ ባለቤቱ ካምፓኒ ሴጅ 50 ካለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የሒሳብ ፕሮግራም ገንዘብ ቢወጣበት የማይቆጭ ነው። የድርጅቱ ገቢ፣ ዕዳና ግብር ያለው እዚያ ነውና በክራክ ላይ መጣል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሰኛል። አቅም የሌለው አነስተኛ ነጋዴ በተመን ሉህ ቢጀምር ይሻለዋል።

የቀረው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር ለአብዛኛው ተጠቃሚ በቂ ጸረ ቫይረስ ነው፤ ሁለት መደራረብ ማሽኑን ከማዘግየት በቀር አይጠቅምም። ለፊልምና ለድምፅ ቪኤልሲ፣ የታመቀ ፋይል ለመክፈት ሰቨን ዚፕ በነፃ አሉ። ሁሉንም ከሠሪዎቻቸው ገጽ ማውረድ እንጂ እጅ ለእጅ ከሚዞር ፍላሽ መቅዳት አይገባም።

ከተረፈው ገንዘብ መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ውጫዊ ዲስክ ነው። በየሳምንቱ ሰነዱ ይገለበጥበትና ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ እንደተሰካ የተተወ ዲስክ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋልና። ፕሮግራም ቢጠፋ እንደገና ይጫናል። የሦስት ዓመት የደንበኛ ዕዳ ዝርዝር ግን ከየትም ሱቅ አይገዛም።